ዳገቱ ነው ወይስ ልቧ?

በደቡብ ጎንደር ደጋ የልብ ሕመም ይዞ ማርገዝ፤ ከቡናው ጨው እስከ እናቶች ማቆያ

«ዳገቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

መልሱን የሰጡት አማቷ ናቸው። ምራታቸው ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታ አድርጋ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዷ ፈትታ ጥያቄውን በሌላ በኩል ታመጣዋለች።

«ማታ ስትተኚ ስንት ትራስ ትንተራሻለሽ፣ እታለም?»

«ትራሱስ አንድ ነው። ጋቢ አጣጥፌ እደርብበታለሁ። ጋደም ስል ያፍነኛል። ሌሊት ተነሥቼ በር ከፍቼ እቀመጣለሁ።»

«እማማ፣ ስትነሣ አይሰሟትም?»

«መስማቱንስ እሰማታለሁ። እርጉዝ መቼ እንቅልፍ አላት ብዬ ነው።»

«በልጅነትሽ ስለ ልብሽ ሐኪም የነገረሽ ነገር ነበር?»

ምራቲቱ አማቷን በስርቆሽ አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች። ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለች ለጉንፋን ሄዳ፣ ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ቆይቶ «ልቧ ላይ ክፍተት ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ወደ ጎንደር ጽፎላት ነበር። ወረቀቱ ከአባቷ ሳጥን ቀረ። ሽማግሌ በመጣ ጊዜ ደግሞ ማን ያንሣው?

ይህች ሴት የብዙዎች ምሳሌ ናት እንጂ የአንዲት ሰው ታሪክ አይደለችም። ስለ ትራስ የተጠየቀችው ግን በከንቱ አይደለም። እርግዝና በራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጤነኛዋም ነፍሰ ጡር ዳገት ላይ ታለከልካለች፣ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፣ ልቧም ፈጠን ይላል። ልዩነቱ የሚለየው በዕረፍት ጊዜ ነው። ዳገት ያደከማት ሴት ቁጭ ስትል ይለቃታል። ልቧ የደከመባት ግን ስትተኛ ይብስባታል፤ ከእግሯ ወደ ላይ የሚመለሰው ደም ልቧ ከሚችለው በላይ ሆኖ ውሃው ሳንባዋ ውስጥ ይቋጥራል። ሌሊት አፍኖ የሚቀሰቅስ የትንፋሽ እጥረት፣ አረፋ የቀላቀለ ሮዝ መሳይ አክታ፣ ራስን መሳት፣ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ በተቀመጡበት ልብ ሲዘል መሰማት፣ የከንፈርና የጥፍር መጥቆር፣ በአንድ ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ድንገት መጨመር ቀጠሮ የሚጠበቅባቸው ምልክቶች አይደሉም። የዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ያስኬዳሉ።

ደጋ የለመደው ልብና ያልለመደው

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርሷ በላይ የሚታየው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገር ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንደዚያው።

የደጋው ሰው ይህን ከጥንት ለምዶታል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የቲቤትና የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በሰውነታቸው ላይ የከፍታው ምልክት ሲታይባቸው፣ የአምባራስ ሰዎች የቀይ ደም መጠንም ሆነ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከቆላ ነዋሪ እምብዛም አይለይም። ደገኛ በዳገት አለመፍራቱ መሠረት ያለው ነገር ነው ማለት ነው።

ይህ የምሥራች ግን ለጤነኛ ልብ ነው። በልቧ ግድግዳ ላይ ሰፊ ክፍተት ባላት ሴት ለዓመታት ወደ ሳንባዋ የሚሄደው ትርፍ ደም የሳንባዋን ሥሮች አደንድኖ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ቀጭን አየር ደግሞ የሳንባን ሥሮች ያጠባል። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይደራረባል። በፔሩና በቻይና ከፍተኛ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶችም ሕፃኑ ሲወለድ ሊዘጋ የሚገባው ከልብ የሚወጡትን ሁለት ትላልቅ ደም ሥሮች የሚያገናኘው ቱቦ ሳይዘጋ የሚቀርበት ጊዜ በደጋ እንደሚበዛ አሳይተዋል።

በዓለም ደረጃ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 8 ወይም 9ኙ የልብ አፈጣጠር ችግር አለባቸው። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህ ወደ 25 ሺህ ይጠጋል። ብዙዎቹ ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ልጅቷ ከብት እየጠበቀች፣ ውሃ እየቀዳች፣ ትምህርት ቤት እየተመላለሰች ታድጋለች፤ ልቧ የሚፈተነው ስታረግዝ ነው።

በአገራችን ነፍሰ ጡሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ግን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። አፈጣጠሩ ጤነኛ የነበረ ልብ በሮቹ ይጠባሉ ወይም አልገጥም ይላሉ። የጠበበው በር በአምስተኛው ወር ችሎ፣ በሰባተኛው ሊያቅተው ይችላል። ሁለቱ ሕመሞች ምንጫቸው ቢለያይም በእርግዝና ጊዜ የሚጠይቁት ጥንቃቄ በብዙው ተመሳሳይ ነው።

የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያላቸው እናቶች

የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን በ1981 ዓ.ም. ሲመሠርቱ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር ዋናው መንገድ። በ2001 ዓ.ም. ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የራሱን ሕንፃ ከፍቶ በአዲስ አበባ ማከም ጀመረ። ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው። ሆኖም ያኔ በአልጋ ላይ የነበሩት ሴት ልጆች አሁን ለትዳርና ለመውለድ ደርሰዋል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአገራችን የዚህ ዓይነት እናት ማግኘት ብርቅ ነበር።

እነዚህ እናቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ በአራት ደረጃ ይከፍላቸዋል። ትንሽ ክፍተቷ በወጉ የተዘጋላት ሴት በመጀመሪያው ደረጃ ናት፤ አደጋዋ ከጤነኛዋ እምብዛም አይበልጥም። ክፍተቷ ሳይዘጋ የቀረ፣ ግን የሳንባ ግፊቷ ያልጨመረ፣ በሁለተኛው ትመደባለች። ብረት የልብ በር የተተከለላት በሦስተኛው ናት። በአራተኛው ደረጃ ያለችው፣ የሳንባዋ ደም ሥር ግፊት እጅግ የጨመረ፣ የልቧ በር በጣም የጠበበ ወይም ልቧ የመግፋት አቅሙን ያጣ ሴት፣ እንዳታረግዝ ትመከራለች። ክፍተቱ ቆይቶ ደሙ አቅጣጫውን ከቀየረና ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ከሦስት እስከ አምስት እናቶች መካከል አንዷን እርግዝናው ሊገድላት እንደሚችል የሕክምናው መጻሕፍት ይናገራሉ።

የቷ በየትኛው ደረጃ እንዳለች በዓይን አይለይም። በልብ አልትራሳውንድ፣ ሕሙማኑ «ኢኮ» በሚሉት ምርመራ፣ ይለያል። ሕመም የለውም፣ ጨረርም የለውም፣ ፅንሱን አይጎዳም።

ልብ ለሁለት ሲሠራ

እርግዝና በልብ ላይ ምን እንደሚጭን ቁጥሮቹ ይናገራሉ። የደሟ ፈሳሽ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልቧ በደቂቃ የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያድጋል፤ ምቱም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ይፈጥናል። ጫናው ጣሪያ የሚደርሰው ከ28 እስከ 32ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ምጥ ሲይዛት፣ ማሕፀኗ በተኮማተረ ቁጥር ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ደም ወደ ልቧ ይመለሳል።

ከዚህ ላይ የደም ማነስ፣ የወባ ትኩሳት፣ የሳንባ ምች ወይም ከባድ ሸክም ሲታከልበት ተሸክሞ የኖረው ልብ ይወድቃል። የዕለት ተዕለት ልማድ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው። ክፍተቱን ልማድ አይዘጋውም። በላዩ የሚጫነውን ትርፍ ጫና ግን ልማድ ያወርዳል።

ጨውና ጾም

በጎንደር ገጠር ቡና ከስኳር ይልቅ በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። ጀበናው ወርዶ፣ ሲኒው ተደርድሮ፣ ከጨው ዕቃው ቆንጠር ተደርጎ ይጨመራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሦስት ሲኒ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈላ ደግሞ ጨዉ ብዙ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ባለቤቲቱ «እኔ ጨው አላበዛም» ስትል እውነቷን ነው፤ ሦስቱን ቦታ ደምራ አታውቅማ።

ጨው ውሃ ይይዛል። የተያዘው ውሃ ደሙን ያበዛል፣ የበዛውን ደም የሚገፋው ያው ልብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው ይመክራል። ልቧ የደከመ ነፍሰ ጡር ከዚህም ዝቅ እንድትል ሐኪሟ ሊያዛት ይችላል። ዘዴው ለእርሷ ብቻ አልጫ ወጥ ሠርቶ ከማዕድ መለየት አይደለም፤ እንዲያ ያለ ነገር ሁለት ሳምንትም አይዘልቅ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ሳይገባበት ቢፈጭ፣ ወጥ ላይ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቢጨመር፣ ቡናው ያለ ጨው ቢጠጣ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሳይሰማው ይለምደዋል። የሚጨመረው ጨው ግን አዮዲን ያለበት ይሁን፤ እንቅርት በሚታይበት ደጋ የፅንሱ አእምሮ አዮዲን ይሻል።

ቡናውን መተው አይጠበቅባትም፤ በቀን አንድ ሁለት ስስ ሲኒ ይበቃታል። ልቧ እየዘለለ የሚያስቸግራት ከሆነ ግን እሱንም ትቀንስ። ጠላና አረቄ በእርግዝና ቦታ የላቸውም፤ ዝክርም ቢሆን፣ ማኅበርም ቢሆን።

ጾም ሌላው ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባንና ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። እስልምናም እንዲሁ ፈቃድ ይሰጣል። የጎንደር እናት ግን ተፈቅዶላትም ትጾማለች፤ በሁዳዴ 55 ቀን መጾሟ ብቻ ሳይሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ መዋሏ ነው ጉዳቱ። የሚያሸና መድኃኒት የምትወስድ ሴት ውሃ ሳትጠጣ ስትውል ደሟ ይወፍራል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ራሷን ልትስት ትችላለች። እዚህ ላይ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የንስሐ አባቷ ቃል ይሰማል። ነርሷ «አትጹሚ» ከምትላት፣ «የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔም አነጋግራቸዋለሁ» ብትላት ይሻላል።

የጾም ምግብ በራሱ ደካማ አይደለም። ጤፍ ብረት አለው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ገንቢ ናቸው። የፋርጣና የጋይንት ድንች ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ወተትና ሙዝ «ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል» ተብሎ የሚከለከልበት ቤት አለ፤ መሠረት የሌለው እምነት ነው፣ እናቲቱንም የሚያጎድልባት ነገር ብዙ ነው። በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል የልብ ሕመምተኛዋ የማትዘለው ነው፤ ደም ሲያንስ ያነሰውን ለማካካስ የሚሮጠው ልብ ነውና።

ጀሪካን፣ ጭስና እንቅልፍ

አንድ ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ከምንጭ ወደ ቤት መንገዱ ሁልጊዜ ሽቅብ ይመስላል። በደጋ የልብ ሕመም ላለባት ነፍሰ ጡር ከሚታዘዘው መድኃኒት ባልተናነሰ አስፈላጊው ይህን ሸክም ከጀርባዋ ማውረድ ነው። ይህ ደግሞ በእርሷ ፈቃድ ብቻ አይሆንም፤ ባል፣ አማትና የጎረቤት ልጆች የሚያደርጉት ነው።

ሆኖም አልጋ ላይ ትዋል ማለትም ልክ አይደለም። ብዙ መተኛት እግር ውስጥ ደም ያረጋል፣ ሰውነት ያደክማል። ሐኪም ካልከለከላት በቀር በየቀኑ ለጥ ባለ መንገድ በእግር መሄድ ይጠቅማታል። ልኩን የምታውቀው ከጎኗ ካለው ሰው ጋር እያወራች መሄድ ከቻለች ነው። ወሬው በትንፋሽ ከተቆራረጠ ትቁም፣ ትረፍ። ስትተኛ ወደ ግራ ጎኗ ትሁን፤ በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። ቀን ላይም ለአንድ ሰዓት ያህል ጋደም ማለት ቅንጦት አይባልባት።

ሦስተኛው ጭስ ነው። የእንጨትና የኩበት ጭስ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ደብረ ታቦር ውርጭ በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል፤ ኦክስጅኗ ቀድሞም ለተጎዳ ነፍሰ ጡር ደግሞ ሳይገድልም ጉዳቱ ትልቅ ነው። እንጀራ ሲጋገር በርና መስኮት መክፈት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም፣ ከተቻለ የጋገራውን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት ያስፈልጋል።

ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደው ሩዝ የሚያርሙና የሚያጭዱ ሴቶች ደግሞ ወባን ይጠንቀቁ። ትኩሳት በራሱ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ወባ ደም ያሳንሳል። አጎበር ለዚህች እናት የልብ መከላከያም ነው።

ከጥርስ እስከ ልብ

በጎንደር የድድ ንቅሳት የቆየ የውበት ምልክት ነው። በመርፌ እየተወጋ ጥቁሩ ቀለም ወደ ድድ ይገባል። ጤነኛ ሰው ላይ ቁስሉ ይድናል። ልቧ ላይ ክፍተት ወይም የተጎዳ በር ላላት ሴት ግን ከአፍ ወደ ደም የገባ ጀርም ሄዶ የሚሰፍረው በዚያ በተጎዳ ቦታ ነው። የልብ ውስጠኛ ሽፋን ቁስለት የሚባለው ሕመም እንዲህ ይጀምራል፤ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ ከዚያ የልብ በር መፍረስ። የበሰበሰ ጥርስ፣ በመንደር የሚነቀል ጥርስ፣ በባህል የሚቆረጥ እንጥልም እንደዚሁ መግቢያ ናቸው።

ጥንቃቄው ቀላል ነው። ጥርስን በቀን ሁለቴ መቦረሽ፣ ብሩሽ ከሌለ በንጹሕ መፋቂያ በጥንቃቄ መፋቅ፤ ጥርስ ሲያም በጤና ተቋም ማስነቀል፤ ከመነቀሉ በፊት «የልብ ሕመም አለብኝ» ብሎ መናገር። ብረት በር የተተከለላት፣ ከንፈሯ የሚጠቁር ወይም ከዚህ በፊት የልብ ቁስለት የነበረባት ሴት ከመነቀሏ በፊት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ትወስዳለች።

ክኒን፣ መርፌና ጸበል

ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንዳወቁ መድኃኒታቸውን በሙሉ ያቆማሉ፤ ፅንሱን ላለመጉዳት ብለው። ሌሎች ደግሞ ሁሉንም እንደነበረ ይቀጥላሉ። ሁለቱም ያስጎዳል፤ መድኃኒቱ አንድ ዓይነት አይደለምና።

ለሩማቲክ ሕመም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ በእርግዝና አይቋረጥም፤ ፅንሱን አይጎዳም። እንደ ሜቶፕሮሎል ያሉ የልብ ምት ማረጋጊያዎችና ላሲክስ የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ። ኢናላፕሪልና የእርሱ ዓይነት መድኃኒቶች ግን የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ እርግዝናው እንደታወቀ፣ ከተቻለም ከዚያ በፊት፣ በሌላ መለወጥ አለባቸው። ስፓይሮኖላክቶንም እንዲሁ።

ከሁሉ አስቸጋሪው ዋርፋሪን፣ ሕዝቡ «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ነው። ብረት በር የተተከለላት ሴት ካቆመችው በሩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከቀጠለችው ደግሞ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ሊያጎድል ይችላል፤ መጠኑ ከ5 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ከሆነ አደጋው ያንሳል። ውሳኔው የልብ ሐኪምና የማሕፀን ሐኪም አብረው የሚሰጡት ነው። ሴትየዋ በበኩሏ ጎመንን አንድ ቀን አብዝታ ሌላ ቀን ከመተው፣ መጠኑን ሳታለዋውጥ ትብላ፤ ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳልና። ኮሶ ወይም ያልታወቀ ቅጠል መጠጣትም አይገባም።

ጸበልን በተመለከተ ክርክሩ ያለፈ ነው። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለልብ መድኃኒትም መርሁ ያው ነው። በብርድ ሌሊት ረጅም ገደል ወርዶ በቀዝቃዛ ውሃ መጠመቅ ግን ለደከመ ልብ ከባድ ነው፤ ጸበሉን ቤት አስመጥቶ መጠጣት ይቻላል።

ከምጥ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የአገሪቱ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 በመቶ ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በፊት 26 በመቶ ነበር። እድገቱ ትልቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። የልብ ሕመም የሚታወቅበትና መድኃኒት የሚለወጥበት ጊዜ ያው ሦስት ወር ነው።

የልብ ሕመም ያለባት ሴት በቤቷ አትውልድም፤ ጤና ኬላም አይበቃትም። ከ36ኛው ሳምንት ቀድማ ሆስፒታል አጠገብ መገኘት አለባት። ለዚህ የእናቶች ማቆያ አለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው ነው፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ማቆያ የተለመደ ሆኗል። ለዚህች እናት ግን የሚያስፈልገው በሆስፒታል ግቢ ያለው ነው። ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ የባሰውን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይቀበላሉ።

መንገዱ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ነው ይህ ሁሉ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭትም አምቡላንስ በፈለገው ሰዓት አይሄድም። በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት መውጣት የነበረበት ዘመን በብዙ ቀበሌ ገና አላለፈም። ስለዚህ «ምጥ ሲመጣ እንሄዳለን» የሚለው ዕቅድ ለዚህች እናት ዕቅድ አይደለም።

አብዛኞቹ የልብ ሕመምተኞች በምጥ መውለድ ይችላሉ፤ «ልብ ካለባት በቀዶ ጥገና ነው» የሚለው በጥቅሉ ልክ አይደለም። ወደ ጎን ጋደም ብላ፣ ሕመሟ በማስታገሻ ተቀንሶ፣ በመጨረሻ እንዳታምጥ በመሣሪያ ታግዛ ትገላገላለች። ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጠው ኤርጎሜትሪን ለብዙዎቹ የልብ ሕመምተኞች አይሆንም፤ ኦክሲቶሲን በዝግታ ይሰጣል። በካርዷ ላይ «የልብ ሕመም» ተብሎ በትልቁ መጻፉ ለዚህ ነው።

ከወለደች በኋላ ቤተሰቡ ተገላገለች ብሎ እልል ይላል። ማሕፀኑ ሲኮማተር ግን ደሙ በአንድ ጊዜ ወደ ልቧ ይመለሳል። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳንባዋ በውሃ ሊሞላ ይችላል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ከሆስፒታል መውጣት ለእርሷ አይሆንም። ቤት ስትገባም የአራስ ገንፎዋ ጨው ይነስ፣ አጥሚቱ በልክ ይሁን፣ ክፍሏ በጭስ አይታጠን። ቀድሞ ጤነኛ የነበረች ሴትም ከመጨረሻው ወር እስከ አምስተኛው የአራስነት ወር ድረስ የልብ ጡንቻዋ ሊደክም ይችላል፤ አራስ ትንፋሽ ሲያጥራትና እግሯ ሲያብጥ «ብርድ መታት» ተብሎ አይታለፍ።

ሕፃኑም ይታይ። ከማንኛውም 100 ሕፃን አንዱ የማይሞላው የልብ ችግር ሲኖርበት፣ እናቱ በተፈጥሮ የልብ ሕመም ካለባት ከ3 እስከ 5 ይደርሳል። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ የሚደክመው፣ ሲያለቅስ ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

ውሳኔው ከእርግዝና ይቀድማል

ከሁሉ የሚበልጠው ጤናማ ልማድ የሚጀምረው ከማርገዝ በፊት ነው። ልቧ ታይቶ፣ መድኃኒቷ ተለውጦ፣ ክፍተቱ መዘጋት ካለበት ተዘግቶ፣ ጠባቡ በር መከፈት ካለበት ተከፍቶ የምታረግዝ ሴትና ሳታስበው የምታረግዝ ሴት አደጋቸው አይቀራረብም።

እስከዚያ መቆያው የወሊድ መከላከያ ነው። ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ደም ስለሚያረጋ ለብዙዎቹ አይሆንም። በክንድ የሚቀበረውና በማሕፀን የሚቀመጠው ግን ይስማማቸዋል፤ የክንዱን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች በቀበሌው ጤና ኬላ ያስገባሉ። አራተኛ ደረጃ ላይ ያለች ሴት አርግዛ ከተገኘች ደግሞ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲሆን እርግዝናን በሕክምና ማቋረጥ ይፈቅዳል። መቀጠልም ሆነ ማቋረጥ ከሐኪሟ እውነቱን ሰምታ ራሷ የምትወስነው ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሆን መጀመሪያ መናገር አለባት። ልጅቷ ለአማቷ የማትናገረው በሽተኛ ተብላ እንዳትመለስ ፈርታ ነው። በዚህ አገር የልብ ሕመም ያለባትን ሴት ሙሽራ አድርጎ መቀበል ገና ነውር ያስመስላል፤ ነውሩ ግን ሴቶችን እየገደለ ነው። እንደ 2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት ጋር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ ከእነርሱ ውስጥ ሳይጠየቁና ሳይናገሩ የሄዱ የልብ ሕመምተኞች አሉ።

ስለዚህ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለአዋላጅ ነርሶች የምንለው አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ክትትል ላይ፣ ዘመድ ሳይኖር፣ ለብቻዋ «ስለ ልብሽ የተነገረሽ ነገር አለ? ስትተኚስ ያፍንሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለባሎችና ለአማቶች፣ ጀሪካኑን አንሡላት፣ በርበሬው ሲፈጭ ጨዉን ተዉላት፣ ሌሊት ስትነሣ ምክንያቱን ጠይቋት። ለራሷ ለእናቲቱ ደግሞ፣ የልብ ሕመም ማለት መሃን መሆን አይደለም፤ ብዙዎች በደኅና ወልደው ልጆቻቸውን እያሳደጉ ነው። እነርሱ የወለዱት ግን ሕመማቸውን ደብቀው ሳይሆን ከማርገዛቸው በፊት ተመርምረው፣ መድኃኒታቸውን በሐኪም ምክር ወስደው፣ ከምጡ ቀድመው ሆስፒታል ደርሰው ነው።